የቁረይሽ አንደበት፦ ሱሀይል ኢብን ዐምር

ከበድር ዘመቻ (2ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ 624) በኋላ ወደ መዲና ከተወሰዱት ምርኮኞች መካከል አንዱ ሙስሊሞችን ያሳሰባቸው በሰይፉ ሳይሆን በምላሱ ነበር። ሱሀይል ኢብን ዐምር ይባላል። ከበኑ ዓሚር ጎሳ የሆነ የመካ ታላቅ ሰው ሲሆን የቁረይሽ ኸጢብ በመባል ይታወቃል። ቁረይሾች ከባድ ጉዳይ ሲገጥማቸው ተነስቶ እንዲናገርላቸው የሚፈልጉት እሱን ነው። በዚያ ዘመን ሕዝብን ለጦርነት የሚያነሳሳውም ከጦርነት የሚመልሰውም ገጣሚና ተናጋሪ መሆኑን አንርሳ። አንድ ጥሩ ተናጋሪ ያለው ጎሳ ብዙ ፈረሰኛ ካለው አይተናነስም ነበር።

ዑመር (ረ.ዐ) ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቀርበው የሱሀይልን ሁለት የፊት ጥርሶች እንዲነቅሉ ፈቃድ ጠየቁ። ሰውየው ከንፈሩ የተሰነጠቀ ስለነበር ጥርሶቹ ከወለቁ አጥርቶ መናገር አይችልም፤ ዳግመኛም በኢስላም ላይ ሰው አያነሳሳም ብለው አስበው ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ከለከሏቸው። የማንንም አካል እንደማያጎድሉ፣ ይህ ሰውም አንድ ቀን ዑመር የማይነቅፉት ቦታ ላይ ሊቆም እንደሚችል ነገሯቸው። ሱሀይል ቤዛው ተከፍሎለት፣ ጥርሱም ምላሱም እንዳለ ወደ መካ ተመለሰ።

የቤቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በአደባባይ ቁረይሽን ሁሉ የሚያሳምነው ይህ ሰው የገዛ ቤተሰቡን ማሳመን አልቻለም። ልጁ ዐብደላህ፣ ሴት ልጁ ሰህላ ከባለቤቷ ከአቡ ሁዘይፋ ጋር፣ ወንድሙ ሰክራን ደግሞ ከባለቤቱ ከሰውዳ ጋር ወደ እኛ አገር፣ ወደ ሐበሻ ተሰደዋል። ሰውዳ (ረ.ዐ) ሰክራን ከሞተ በኋላ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያገቧት የምእመናን እናት ናት። ዐብደላህ ከሐበሻ ሲመለስ አባቱ ይዞ አስቀረው፤ እሱም ሃይማኖቱን የተወ መስሎ ቆየ። በበድር ቀን ከቁረይሽ ጦር ጋር ወጣና ውጊያው ሳይጀመር ወደ ሙስሊሞች ተሻገረ። አባትየው የተማረከው ልጁ በተሰለፈበት ወገን እጅ ነው።

በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ (628) ሙስሊሞች ዑምራ ለማድረግ ወጥተው ሁደይቢያ ላይ ሲታገዱ ቁረይሾች ለድርድር የላኩት ሱሀይልን ነው። በማስተማር ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት ይህ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ተማሪዎች በእሱ ይናደዱ ነበር፤ ንዴታቸው ይገባኛል። ግን የዚያን ቀን ሥራውን በጥሞና ላየው አይጮህም፣ አይሳደብም። እያንዳንዷን ቃል ይመዝናል። ዐሊ (ረ.ዐ) ውሉን መጻፍ ሲጀምሩ አር-ራሕማን የሚለውን ስም አላውቅም ብሎ አስቆመ። የአላህ መልእክተኛ የሚለው ሲጻፍም ይህንን ብናምን ኖሮ ባልተዋጋን ነበር በሚል ክርክር አስቀየረው። ሙስሊሞቹ በቁጣ ሲቃጠሉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሁለቱንም ተቀበሉለት። የአሥር ዓመት እርቅ የተጻፈው በዚህ መልክ ነው።

ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላው ልጁ አቡ ጀንደል በሰንሰለት እንደታሰረ ከመካ አምልጦ ደረሰ። ሱሀይል ልጁን መታው፤ በውሉ መሠረትም እንዲመለስለት ጠየቀ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አንድ ሰው እንዲተውላቸው ቢለምኑትም እምቢ አለ። አንደበተ ርቱዕነት ብቻውን ሰውን ሩኅሩኅ እንደማያደርግ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ትዕይንት አላውቅም።

መካ በ8ኛው ዓመት (630) ስትከፈት ሱሀይል ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ፤ ያ ሁሉ ንግግሩ አሁን የሚያስጠይቀው መሰለው። ልጁን ዐብደላህን ልኮ ምሕረት አስጠየቀ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምሕረት ሰጡት፤ ሶሓባዎችም ሲያገኙት ፊታቸውን እንዳያጠቁሩበት አዘዙ። ከሑነይን በኋላ ጂዕራና ላይ ሰለመ፤ 100 ግመልም ተሰጠው። ከዚያ ወዲያ የሚታወቀው በሶላቱ፣ በጾሙ፣ በሶደቃውና ቁርኣን ሲሰማ በሚያፈሰው እንባ ነው። በዕድሜ በጣም ከሚያንሰው ከሙዓዝ ኢብን ጀበል ዘንድ እየሄደ ቁርኣን ይማር ነበር። ከአንድ የመዲና ሰው እንዴት ትማራለህ ብሎ የነቀፈውም አልጠፋም፤ እሱ ግን ወደ ኋላ ያስቀረን ይህ የጎሳ ኩራት ነው የሚል መልስ ሰጠ።

ከዚያ 11ኛው ዓመተ ሂጅራ (632) መጣ። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሞት ሲሰማ መካ ተናወጠች። ብዙዎቹ ከሰለሙ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ያሰቡ ነበሩ። የከተማይቱ አሚር ወጣቱ ዐታብ ኢብን አሲድ ነገሩ አስፈርቶት ከሰው ዓይን ተሰወረ። አልወቅሰውም። ሹመት ነበረው፤ ሕዝብ በሚናወጥበት ሰዓት ቆሞ የሚሰማ ድምፅ ግን በሹመት አይገኝም።

የተነሳው ሱሀይል ነው። በከዕባ አጠገብ ቆሞ አላህን አመሰገነና ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እንደሞቱ፣ አላህ ግን ሕያው እንደሆነ ተናገረ። በመጨረሻ የገቡ እነሱ በመጀመሪያ የሚወጡ እንዳይሆኑ ለመናቸው። የነቢዩ ሞት ኢስላምን እንደማያዳክመው፣ ጥርጣሬ ያስነሳብንን ግን አንገቱን እንመታለን ሲል ጨመረ። አቡበክር (ረ.ዐ) በመዲና ካደረጉት ንግግር ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ሰዉም ጸና፤ ዐታብም ወጣ። መካ በሪዳ ጦርነቶች ሰይፍ ካልተመዘዘባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች።

ለምን ሰሙት? ንግግሩ ማማሩ ብቻ ይመስለኝ አልነበረም። ያ ሕዝብ ለሃያ ዓመት ያህል ኢስላምን ሲቃወም አንደበት የሆነለት እሱ ነው። ወደ ኋላ መመለስ የሚያስደስተው ሰው ቢኖር እሱ ነበር የሚሆነው። እሱ ራሱ አይሆንም ሲል ሌላው ምን ይላል? ወሬው መዲና ሲደርስ ዑመር (ረ.ዐ) ስለነዚያ ሁለት ጥርሶች የተባለውን አስታወሱ።

በዑመር ኸሊፋነት ዘመን አንድ ቀን ሱሀይል፣ አቡ ሱፍያንና ሌሎች የቁረይሽ ታላላቆች በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ ቢላልና ሱሀይብ ቀድመዋቸው ገቡ። ከሐበሻ ዘር የሆነው ቢላል ትናንት በመካ ባሪያ ነበር። አቡ ሱፍያን ተቆጣ። ሱሀይል ግን ቁጣቸውን ወደ ራሳቸው እንዲመልሱ መከራቸው፤ ሁሉም እኩል ተጠርተው ነበር፣ እነዚያ ፈጠኑ፣ እነሱ ዘገዩ። ልብሱንም አራግፎ ተነሳና ያመለጠውን ለማካካስ ወደ ሻም ዘመተ። ወደ መካ አልተመለሰም። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ (639) በዐምዋስ ወረርሽኝ እንደሞተ ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በሰንሰለት ታስሮ የመለሰው ልጁ አቡ ጀንደልም የሞተው እዚያው ሻም፣ በዚያው ወረርሽኝ ነው።