ድሃው ድሃን እንዲጦር ያዘዘው ሕግና ጆርጅ ላንስበሪ

የአካባቢ መስተዳድር በጀት ለብዙ ሰው አሰልቺ ርዕስ ነው። የቁጥር ሰንጠረዥ፣ የመዋጮ ቀመርና የኦዲት ሪፖርት ማን አንብቦ ይጨርሳል? ይሁንና ከሰንጠረዡ ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ተደብቆ ይገኛል። ችግሩ የበዛበት ሰፈር ወጪውን ብቻውን ይቻለው ወይስ ሀብታሙ ሰፈር ያግዘው? ይህን ጥያቄ እስከ እስር ቤት ድረስ ተሸክመው የሄዱት እንግሊዛዊው ጆርጅ ላንስበሪ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላንስበሪ የተወለዱት ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1859 በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ግዛት በሰፎክ ነው። በልጅነታቸው ቤተሰቡ ወደ ምሥራቅ ለንደን መጣ። ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው ከወደብ ሠራተኛው፣ ከቀን ሙያተኛውና ከሥራ አጡ ሰፈር አልተለየም። በ1880 ቤሲ ብራይንን አገቡ፤ ልጆችም በብዛት ወለዱ። በ1884 የተሻለ ኑሮ ፍለጋ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አውስትራሊያ ተሻገሩ። እዚያ የጠበቃቸው ግን በስደት ወኪሎች የተነገራቸው ምድር አልነበረም። በማግስቱ ዓመት ተመልሰው በአማታቸው የእንጨት መሰንጠቂያ ድርጅት ሥራ ጀመሩ፤ ወዲያውም ድሃውን በሐሰት ተስፋ ወደ ባሕር ማዶ የሚልከውን ፕሮፓጋንዳ መቃወም ያዙ። ፖለቲካቸው የጀመረው ከዚህ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ሊበራል ነበሩ። የፓርቲው የምርጫ ወኪል ሆነው ውጤታማ ሥራ ሠርተዋል። ሆኖም ፓርቲው ለሠራተኛው የገባውን ቃል አይፈጽምም ብለው በ1892 ተለዩትና ወደ ሶሻሊስቶቹ ጎራ ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ለፖፕላር የድሆች ባለአደራዎች ቦርድ ተመረጡ።

ይህ ቦርድ ምን እንደነበር ካልተረዳን የኋላውን ጠብ አንረዳውም። በዚያን ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሥራ ላጣ፣ ለታመመ ወይም ላረጀ ድሃ የሚደርሰው በየአካባቢው የተመረጠ ቦርድ ነበር። ገንዘቡም የሚመጣው ከዚያው አካባቢ ነዋሪዎች የቤትና የንብረት ግብር ነው። ለድሃው የተዘጋጀለት ዋነኛ ነገር ደግሞ ወርክሃውስ የሚባለው ማደሪያ ነበር። ባልና ሚስት ተለያይተው የሚገቡበት፣ መለያ ልብስ የሚለበስበት፣ ሆን ተብሎ የሚያስጠላ ተደርጎ የተደራጀ ቤት ነው። ላንስበሪ የፖፕላሩን ማደሪያ ምግብና አያያዝ ለማሻሻል ተነሡ። ልጆቹን ከማደሪያው አውጥተው ኤሴክስ ውስጥ ጥሩ ትምህርት ቤት እንዲሠራላቸው አደረጉ። ለሥራ አጦችም የእርሻ ሰፈር ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ተቃዋሚዎቻቸው ገንዘብ ይባክናል ብለው ጮኹ፤ በ1906ም መንግሥት መርማሪ ልኮ ቦርዱን የሚነቅፍ ሪፖርት ወጣ። እሳቸው ግን በዚያው ሰሞን የድሆችን ሕግ እንዲመረምር በተቋቋመው ንጉሣዊ ኮሚሽን ውስጥ ተሰይመው ነበር። በ1909 ከቢያትሪስ ዌብ ጋር በፈረሙት የልዩነት ሪፖርት ሥርዓቱ ተጠግኖ እንደማይድን፣ ይልቁንም እንዲፈርስ ጠየቁ።

በዲሴምበር 1910 የፓርላማ አባል ሆኑ። ወንበራቸውን ግን ሁለት ዓመት እንኳ አልጠበቁትም። የሴቶች የመምረጥ መብት ጉዳይ ቢያንገበግባቸው በ1912 ከፓርላማ ለቀው በዚሁ አጀንዳ ብቻ እንደገና ተወዳደሩ፤ ተሸነፉም። በማግስቱ ዓመት ለዚሁ ጉዳይ ባደረጉት ንግግር ታስረው፣ ምግብ አንበላም ብለው ተለቀቁ። አንባቢ ከዚህ ላይ የሰውየውን ጠባይ ልብ ይበል። ላንስበሪ የመርህ ጉዳይ ነው ካሉ ዋጋውን አያሰሉም።

ወደ ዋናው ታሪክ እንምጣ። በኖቬምበር 1919 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ሌበር ፓርቲ ፖፕላር ውስጥ ከ42ቱ ወንበሮች 39ኙን አሸነፈ። ላንስበሪም የመጀመሪያው የሌበር ከንቲባ ሆኑ። ተመራጮቹ የባቡር ሠራተኞች፣ የወደብ ሠራተኞችና የቀን ሙያተኞች የበዙባቸው ነበሩ። ቤት መሥራትና የጤና አገልግሎት ማስፋፋት ያዙ። ለምክር ቤቱ ሠራተኞችም በሳምንት 4 ፓውንድ ዝቅተኛ ደመወዝ ወሰኑ፤ ሴቱም ወንዱም እኩል እንዲከፈለው አደረጉ። በዚያ ዘመን ይህ እንግዳ ነገር ነበር።

ከዚያ የ1920 እና የ1921 የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። መርከቡ ሲቀንስ ወደቡ ሥራ ፈታ፤ ሥራ አጡም ወደ ድሆች ቦርድ ጎረፈ። የለንደን አወቃቀር ደግሞ እንዲህ ነበር። ከተማዋ ከጥንታዊው ሲቲ ሌላ በ28 ንኡስ ከተሞች ተከፍላለች። ከሁሉም በላይ የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት አለ፤ ይህን ከ1907 ጀምሮ የያዙት በወግ አጥባቂዎች የሚደገፉት የማዘጋጃ ቤት ሪፎርም ሰዎች ነበሩ። ንኡስ ከተማው ለራሱ ሥራ ከሚሰበስበው ግብር ሌላ ለካውንቲው፣ ለፖሊሱና ለሌሎች የዋና ከተማው ቦርዶች መዋጮ ሰብስቦ ማስረከብ ነበረበት።

ግብሩ የሚጣለው በቤት ኪራይ ግምት ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ፓውንድ የኪራይ ግምት አንድ ፔኒ ቢጣል ሀብታሙ ዌስትሚንስተር ከ31 ሺሕ ፓውንድ በላይ ያገኛል። ያንኑ አንድ ፔኒ ፖፕላር ቢጥል የሚያገኘው 3,600 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነው። ችግረኛው የሚበዛው ግን ፖፕላር ነው። ስለዚህ ድሃው ሰፈር የራሱን ድሆች ለመርዳት ከሀብታሙ ሰፈር የበለጠ ማጣኛ መጣል ግድ ይለው ነበር። ለይስሙላ የጋራ ፈንድ ነበረ። ፈንዱ ግን በዋናነት የሚረዳው ድሃው ወርክሃውስ ከገባ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ቤተሰቡን ይዞ እርዳታ ከተቀበለ ወጪው በአብዛኛው በሰፈሩ ላይ ይወድቃል። ቤተሰብ ካፈረስክ አግዝሃለሁ፤ ካላፈረስክ ግን ራስህን ቻል እንደማለት ነው።

በማርች 1921 የፖፕላር ምክር ቤት ለራሱ አገልግሎት የሚያስፈልገውን ግብር ብቻ ሊጥል፣ የካውንቲውንና የቦርዶቹን መዋጮ ግን ላይሰበስብ ወሰነ። ካውንቲው ወዲያውኑ ከሰሰ። ጁላይ 29 ቀን የምክር ቤቱ አባላት በሺሕ ከሚቆጠር ሕዝብ ጋር ከምሥራቅ ለንደን እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በእግር ተጓዙ። ከፊት የያዙት ዓርማ ወደ ፍርድ ቤት፣ ምናልባትም ወደ እስር ቤት እየሄዱ መሆናቸውን የሚገልጽ ነበር። እንደጠበቁትም ሆነ። ፍርድ ቤቱ ክፈሉ ብሎ አዘዘ፤ አንከፍልም አሉ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ 30 አባላት ችሎት በመድፈር ታሰሩ። ወንዶቹ ብሪክስተን፣ ሴቶቹ ሆሎዌይ ወረዱ። ከታሳሪዎቹ መካከል የላንስበሪ ልጅ ኤድጋርና የልጃቸው ሚስት ሚኒ ነበሩ። ነፍሰ ጡር የነበሩት ኔሊ ክሬሶልም አልቀሩም።

በሕግ ዓይን ካየነው ፍርድ ቤቱ ተሳስቷል ማለት ያስቸግራል። ካውንቲው መዋጮውን የመጠየቅ፣ ንኡስ ከተማው የመክፈል ግዴታው በሕግ የተጻፈ ነበር። የተቃዋሚዎቹም ክርክር እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። ካውንቲው በመዋጮው ትምህርት ቤት፣ የእሳት አደጋና የፍሳሽ መስመር ያካሂዳል፤ ፖፕላር ካልከፈለ የፖፕላርም ልጅ የሚማርበት ገንዘብ ከሌላው ሰፈር ኪስ ሊወጣ ነው። እያንዳንዱ ምክር ቤት ያልተመቸውን ሕግ እየመረጠ ቢጥስ አስተዳደር የሚባል ነገር አይቀርም። ይህን ያሉት ወግ አጥባቂዎች ብቻ አልነበሩም። የሀክኒ ከንቲባ የነበሩት የራሳቸው ፓርቲ ሰው ኸርበርት ሞሪሰንም ሌበር ሕግ አክብሮ ማስተዳደር እንደሚችል ማሳየት አለበት ባይ ነበሩ።

ላንስበሪና ጓዶቻቸው ግን ሕጉን በድብቅ አልጣሱም። የጣሱት በአደባባይ ነው፤ ቅጣቱንም አልሸሹም። እስር ቤት ሆነው የምክር ቤት ስብሰባ አካሄዱ፤ ሴቶቹ ከሆሎዌይ እየመጡ ይሳተፉ ነበር። ላንስበሪም በክፍላቸው መስኮት በኩል ውጭ ለተሰበሰበው ሕዝብ ይናገሩ ነበር። ጎረቤቶቹ ቤትናል ግሪንና ስቴፕኒም የፖፕላርን መንገድ ለመከተል ወሰኑ። በስቴፕኒ ይህን ከደገፉት አንዱ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ክሌመንት አትሊ ናቸው። መንግሥት ተጨነቀ። ሦስት ሰፈር ከማሰር አንድ ሕግ ማሻሻል ይቀላል። ኦክቶበር 12 ቀን እስረኞቹ መዋጮውን ሳይከፍሉ ተለቀቁ። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ ቤታቸው ሆነው ለሚረዱ ድሆች የሚወጣው ወጪ በለንደን ሰፈሮች ሁሉ ላይ እንዲከፋፈል ተደረገ። ፖፕላር የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ድሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ሚኒ ላንስበሪ ከእስር በወጡ በሦስተኛው ወር፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1922፣ በ32 ዓመታቸው በሳንባ ምች አረፉ። የፖፕላር ሰው እስሩ ነው ጤናዋን የጎዳው ብሎ አመነ።

ጠቡም አላበቃም። በ1921 ፖፕላር የታሰረው አልከፍልም በማለቱ ነው፤ ቀጥሎ የተከሰሰው ደግሞ አብዝቶ ከፈለ ተብሎ ነው። የኑሮ ውድነቱ ከወረደ በኋላም 4 ፓውንዱን አልቀነሰም ነበርና የመንግሥት ኦዲተር 5,000 ፓውንድ ያለአግባብ ወጥቷል፣ አባላቱ ከኪሳቸው ይተኩ ብሎ ወሰነ። ሕጉ ምክር ቤቱ ተገቢ መስሎ የታየውን ደመወዝ እንዲከፍል ይፈቅድ ነበር። ጉዳዩ ከችሎት ችሎት ተንከባሎ በ1925 የሎርዶች ምክር ቤት ዘንድ ደረሰ። ዳኞቹ ሥልጣኑ ልክ አለው፣ የግብር ከፋዩን ገንዘብ የያዘ ሰው አደራ ያለበት በመሆኑ በምክንያታዊነት ሊሠራ ይገባል ብለው ለኦዲተሩ ፈረዱ። ሮበርትስ እና ሆፕውድ የሚባለው ይህ መዝገብ እስከ ዛሬ የአስተዳደር ሕግ ተማሪ ሳያነበው አያልፍም።

በ1921ዱ ፍርድ ካውንቲውን እደግፋለሁ፤ በ1925ቱ ግን ለፖፕላር አደላለሁ። በመጀመሪያው ግዴታው ግልጽ ነበር። በሁለተኛው ሕግ አውጪው ውሳኔውን ለተመራጩ ትቶለት ሳለ ዳኞቹ የራሳቸውን ሚዛን በመራጩ ሚዛን ቦታ ተኩ። አራት ፓውንድ በዝቷል አልበዛም የሚለውን የሚመልሰው የምርጫ ኮሮጆ ነው። አደራ የሚባለው ነገርም ለግብር ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱን ለሚጠብቀው ነዋሪ ጭምር ነው።

ላንስበሪ በ1922 ወደ ፓርላማ ተመለሱ። ከ1929 እስከ 1931 የሥራዎች ሚኒስትር ሆነው በሃይድ ፓርክ ሐይቅ ዳር ሕዝብ የሚዋኝበትን ሥፍራ ከፈቱ። በ1931ዱ ምርጫ ሌበር ክፉኛ ሲመታ ከተረፉት ጥቂት ነባሮች አንዱ ነበሩና የፓርቲው መሪነት በእሳቸው ላይ ወደቀ።

የእኛ አገር ስም ከእሳቸው ታሪክ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወርር ሲሰናዳ የሌበር ጉባኤ በብራይተን ተሰብስቦ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ይጣል አለ። ላንስበሪ ግን የማናቸውም ጦርነት ተቃዋሚ ክርስቲያን ነበሩ። ማዕቀቡ ወደ ጦርነት ያመራል ብለው ተቃወሙ። የሠራተኛ ማኅበራቱ መሪ ኧርነስት ቤቪን በጉባኤው ፊት ያለ ርኅራኄ ወረዱባቸው፤ ጉባኤውም በከፍተኛ ድምፅ ማዕቀቡን ደገፈ። ወረራው በተጀመረ በቀናት ውስጥ ላንስበሪ መሪነቱን ለቀቁ፤ አትሊ ተተኩ። እንደ ኢትዮጵያዊ ስናየው ላንስበሪ የቆሙት በተሳሳተው ወገን ነው። የተጠቃ ሕዝብ የጠየቀው ጸሎት ሳይሆን እርዳታ ነበር። በ1937 ሂትለርንና ሙሶሊኒን ሄደው ቢያነጋግሩም ያተረፉት ነገር የለም። ለፖፕላር ድሃ መብት የበጀው ያው አልታጠፍም ባይነት ለአዲስ አበባ አልበጀም። ሰውን በሙሉው ማየት ይህንንም መጨመር ነው።

ላንስበሪ ሜይ 7 ቀን 1940 አረፉ። ከመሞታቸው በፊት ግን የድሆች ቦርዶቹ ሲፈርሱ አይተዋል። በ1929 የወጣው ሕግ ሥራቸውን ለካውንቲ ምክር ቤቶች አስተላልፎ ጭነቱን በሰፊው አካባቢ ላይ አሳረፈው። ሕጉን ያወጡት ደግሞ የወግ አጥባቂው መንግሥት ሚኒስትር ኔቪል ቻምበርሌን ናቸው። ዓላማቸው እንደ ፖፕላር ያሉ ቦርዶችን ልጓም ማስገባት ጭምር ነበር፤ መንገዱ ግን ወደዚያው ወደ ጋራ ተሸካሚነት አመራ። ሞሪሰንም ቢሆኑ በ1934 የለንደን ካውንቲን በምርጫ ለሌበር አስገቡ። ሕግ አክባሪውም ሕግ ጣሹም በየበኩላቸው አንድ ግንብ ገነቡ ማለት ነው።

ፖፕላሪዝም የሚለው ቃል ለተቃዋሚዎቻቸው አባካኝነት ማለት ነበር። የቁጥሩን ሰንጠረዥ ላነበበ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ኃላፊነትን ወደ ታች አውርዶ ገንዘቡን ከላይ ያስቀረ ሥርዓት አንድ ቀን የሚያስተዳድርበት ሰው አጥቶ የሚያስራቸው ሰዎች ብቻ ይቀሩታል።