ሌቭ ቪጎትስኪ

ሌቭ ሴምዮኖቪች ቪጎትስኪ (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1896 – ጁን 11 ቀን 1934) የሶቪየት ኅብረት የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። የልጅ አእምሮ በራሱ ጊዜ ደረጃ በደረጃ ይበስላል፣ ትምህርትም ከኋላው መከተል አለበት የሚለውን አስተሳሰብ በመሞገቱ ይታወቃል። ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወቱ

የተወለደው ዛሬ በቤላሩስ በምትገኘው ኦርሻ ከአይሁድ ቤተሰብ ሲሆን ያደገው በጎሜል ነው። በ1913 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የገባው ለአይሁድ ተማሪዎች በተተወው ጥቂት ቦታ ዕጣ ወጥቶለት ነው። ሕግ ተምሮ ወደ ጎሜል ተመለሰና አስተማሪ ሆነ። በ1924 በፔትሮግራድ ጉባኤ ያደረገው ንግግር ወደ ሞስኮ የሥነ ልቦና ተቋም አስጠራው። የሳንባ ነቀርሳ ስለነበረበት ዋና ሥራዎቹን የሠራው በቀሩት ዐሥር ዓመታት ብቻ ነው።

ከፒያዤ ጋር ያደረገው ክርክር

ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ትንንሽ ልጆች ለብቻቸው ማውራታቸው የሌላውን ሰው ዕይታ ገና አለመረዳታቸውን ያሳያል፣ ሲያድጉም ይጠፋል ብሎ ነበር። ቪጎትስኪ ግን ልጆቹ ሥዕል ሲሥሉ ሆን ብሎ እንቅፋት ፈጠረባቸው፤ ለምሳሌ የሚፈልጉት ባለቀለም እርሳስ እንዳይኖር አደረገ። የብቻ ንግግራቸው በእጥፍ ገደማ ጨመረ። ከዚህ ተነሥቶ ንግግሩ ማሰቢያ መሣሪያ ነው፣ ሳይጠፋም ወደ ውስጥ ገብቶ ሐሳብ ይሆናል አለ።

በትምህርት ቤት ፈተናም ላይ ጥያቄ አነሣ። ሁለት ልጆች ለብቻቸው ሲፈተኑ እኩል የስምንት ዓመት ልጅ ሥራ ይሠራሉ እንበል። ጥቂት ሲታገዙ አንዱ የዘጠኝ፣ ሌላው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሥራ ከሠራ እኩል አይደሉም ማለት ነው። ለአስተማሪ የሚጠቅመው በእርዳታ የሚደረስበትን ማወቅ ነው።

ሐሳቡና የአፋር ልጅ

በኢትዮጵያ የሁለቱም ሰዎች ሐሳብ ለመምህራን ይሰጣል። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው የአፋር ምድር ግን ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። የአርብቶ አደር ልጅ ፍየልና ግመል እየጠበቀ፣ ሰዎች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበትን ዳጉ እየሰማ ያድጋል። አንደኛ ክፍል ገብቶ ከዕድሜው ኋላ ቀርቷል ቢባል፣ በቪጎትስኪ መንገድ መጀመሪያ የሚጠየቀው በየትኛው ቋንቋ፣ ስለ ምን ነገርና በማን እገዛ እንደተፈተነ ነው። የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መፍቀዱም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ይሁንና ቪጎትስኪ ራሱ ከነቀፋ አያመልጥም። ባልደረባው አሌክሳንደር ሉሪያ በ1931 እና በ1932 ወደ ኡዝቤኪስታን ሄዶ ያልተማሩ ገበሬዎችን መዶሻ፣ መጋዝ፣ መጥረቢያና ግንድ አሳይቶ የማይመሳሰለውን እንዲያወጡ ጠየቀ። ብዙዎቹ እንጨት ከሌለ መሣሪያው ለምን ይጠቅማል በሚል ግንዱን አላወጡም። ይህን መልስ ዝቅ ያለ ደረጃ አድርጎ መቁጠር ያው የተተቸው መሰላል በሌላ በር መግባቱ ነው።

ከሞተ በኋላ

በ37 ዓመቱ ሞስኮ ውስጥ ሞተ፤ «ማሰብና ንግግር» የተባለው መጽሐፉ የታተመው በዚያው ዓመት፣ ከሞተ በኋላ ነው። በ1936 የኮሚኒስት ፓርቲው የልጆችን የአእምሮ ፈተና የሚመለከተውን የጥናት ዘርፍ ሲያወግዝ ሥራዎቹም ተገለሉ፤ እስከ 1956 ድረስ እንደገና አልታተሙም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1962 ሲሆን ፒያዤም ለትችቱ በጽሑፍ መልስ የሰጠው በዚያን ጊዜ ነበር።