ዋላስ ሳቢን፦ የክፍልን ድምፅ የለካው መምህር

በዚህ እትም ሕይወቱን የምናወሳላችሁ ሰው ዋላስ ክሌመንት ሳቢን ይባላል። እንደ ኒውተን ወይም እንደ ኤዲሰን ስሙ በየመማሪያ መጽሐፉ አይገኝም። ሆኖም አዳራሽ የሚሠሩ መሐንዲሶችና የራዲዮ ስቱዲዮ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙት እርሱ ባገኘው ሕግ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳቢን ጁን 13 ቀን 1868 በአሜሪካ አገር፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ሪችዉድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና በ18 ዓመቱ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ከዚያም ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በ1888 የማስተርስ ዲግሪ ያዘና እዚያው የፊዚክስ አስተማሪ ሆነ። የዶክትሬት ዲግሪ አልነበረውም። እንደ እኔ ትምህርቱን ሳይጨርስ ለቀረ ሰው ይህ ትንሽ ያጽናናል።

በ1895 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤሊየት ወጣቱን መምህር ጠርተው አንድ ችግር አስረከቡት። ፎግ በሚባለው አዲስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ የተሠራው የማስተማሪያ አዳራሽ ለትምህርት የማይሆን ሆኖ ተገኝቶ ነበር። ችግሩ ድምፅ ማነሱ አልነበረም፤ መብዛቱ ነው። መምህሩ የተናገረው ቃል ከግድግዳ ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ ወለል እየነጠረ አምስት ሴኮንድ ተኩል ያህል ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰው ስንት ቃል ይናገራል? የፊተኛው ሳይጠፋ የኋለኛው ይደረብበታል። ተማሪው ጋ የሚደርሰው ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል።

በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል። እኔ ራሴ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ጠይቄው ዝም ሲለኝ ትምህርት አይከታተልም ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። አንድ ቀን ሌላ መምህር ሲያስተምር እርሱ ቦታ ሄጄ ተቀመጥሁ፤ ከሦስቱ ቃል ሁለቱ አልተሰማኝም። ስለ ሳቢን ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

በዚያን ዘመን አዳራሽ ሲያስተጋባ ከግድግዳ ግድግዳ ሽቦ መዘርጋት ይረዳል ይባል ነበር፤ አይረዳም። ሳቢን ግምቱን ትቶ መለካት ጀመረ። መሣሪያዎቹ አንድ የኦርጋን ቧንቧ፣ ጊዜ መለኪያና የራሱ ጆሮ ነበሩ። ቧንቧውን ያስነፋና ያስቆመዋል፤ ከዚያ ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ስንት ሴኮንድ እንደሚወስድ ይመዘግባል። ቀን የጎዳናው ጫጫታ ስለማያሠራው ሥራው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። ሳንደርስ ከሚባለው ቲያትር ቤት የመቀመጫ ትራሶች ከረዳቶቹ ጋር እያጋዘ በፎግ አዳራሽ ይደረድራል፣ ይለካል፤ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ትራሶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ትራሱ በበዛ ቁጥር ድምፁ ቶሎ ይጠፋል። የመጡት ትራሶች ሁሉ ሲገቡ አምስት ተኩል የነበረው ከአንድ ሴኮንድ ብዙም የማይበልጥ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ የገረመኝ የልብሱ ነገር ነው። ለብዙ ጊዜ ከሠራ በኋላ የለበሰው ልብስ ራሱ ድምፅ እንደሚውጥና ልብስ በቀየረ ቁጥር ልኩ በጥቂቱ እንደሚዛባ ደረሰበት። በሺህ የሚቆጠሩ ልኬቶቹን ጣላቸው። ከዚያ ወዲያ ለሙከራ ሲገባ ሁልጊዜ ያንኑ ልብስ ይለብስ ነበር።

ኦክቶበር 29 ቀን 1898 ማታ፣ ቁጥሮቹን ደርድሮ ሲመለከት ሕጉ ታየው፤ መጀመሪያ የነገራቸውም እናቱን ነው። ሕጉ አጭር ነው። የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 ይባዛና ክፍሉ ውስጥ ላለው ድምፅ የሚውጥ ነገር ይካፈላል፤ መልሱ ድምፁ የሚቆይበት ሴኮንድ ነው። ለመዋጥ መለኪያ የመረጠው ደግሞ የተከፈተ መስኮትን ነው፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና።

እስቲ እናስላው። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 6፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል ይዘቱ 144 ሜትር ኩብ ነው። 12 ካሬ ሜትር የተከፈተ መስኮት ያህል የሚውጥ ነገር ካለው ድምፁ ወደ 2 ሴኮንድ ይቆያል፤ ያ ወደ 24 ካደገ ወደ 1 ሴኮንድ ይወርዳል። ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚውጡት ጥቂት ነው። በኋለኛው ግድግዳ የተሰቀለ ብርድ ልብስ ወይም ወፍራም ጆንያ፣ ክፍት መስኮት፣ የተማሪዎቹም ገላ ብዙ ይውጣሉ። መጮኽ ግን አይጠቅምም፤ መምህሩ ሲጮህ የሚነጥረው ድምፅም አብሮ ይጮሃል። (ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ግን የሳቢንም ሕግ አያድነንም።)

በዚሁ ጊዜ የቦስተን ከተማ አዲስ የሙዚቃ አዳራሽ ልታሠራ ታስብ ነበር። በጀርመን አገር ላይፕዚግ ያለውን አዳራሽ አስፍቶ መድገም ታቅዶ ሳለ፣ ሳቢን እንዲያ ከሆነ ድምፁ ከልክ በላይ እንደሚቆይ አስልቶ አሳየ፤ ንድፉም ተለወጠ። ሲምፎኒ ሆል በኦክቶበር 1900 ሲከፈት የነቀፉት ነበሩ። ዛሬ ግን በዓለም ላይ ካሉት ምርጥ አዳራሾች አንዱ ተብሎ ይቆጠራል።

ስቴሪዮ የመጣው ሳቢን ከሞተ በኋላ ነው፤ ስፒከር የሚተክል ሰው ግን የሚታገለው ከዚያው ከሚነጥር ድምፅ ጋር ነው። ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ይደረጋል። ስፒከር ማዕዘን ውስጥ ከተወሸቀ ወፍራሙ ድምፅ ያለ ልክ ያብጣል። አድማጩ ቦታው ተቀምጦ ሌላ ሰው በጎን ግድግዳ ላይ መስታወት ሲያንሸራትት፣ ስፒከሩ በመስታወቱ የታየበት ቦታ ድምፁ የሚነጥርበት ነው፤ ወፍራም ጨርቅ የሚሰቀለውም እዚያ ላይ ነው።

ሳቢን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአገሩ የአውሮፕላን ሥራ ሲደክም በኩላሊት ሕመም ተጠቃ፤ ሕመሙ ሳይለቀው ማስተማሩንም ቀጠለ። በኢሊኖይ ግዛት የድምፅ ምርመራ ላቦራቶሪ ተሠርቶለት ነበር፤ ሥራውን እዚያ ሳይጀምር ጃንዋሪ 10 ቀን 1919 በ50 ዓመቱ ሞተ። ላቦራቶሪውን ዘመዱ የሆነው ፖል ሳቢን ተረከበ። ጽሑፎቹ በ1922 በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ታተሙ። የድምፅ መዋጥ መለኪያውም ዛሬ ሳቢን ይባላል።