ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ፦ የስዊዝ ዝና፣ የፓናማ ኪሳራ

እ.አ.አ በ1805 ቬርሳይ የተወለደው ዲፕሎማት ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ መሐንዲስም ባለባንክም አልነበረም። ይሁንና በ1858 ለስዊዝ ቦይ ግንባታ እያንዳንዳቸው 500 ፍራንክ የሚያወጡ 400,000 አክሲዮኖችን ለሽያጭ አቀረበ። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ፈረንሳውያን ገዙ፤ ብዙዎቹም አነስተኛ ቆጣቢዎች ነበሩ። ከቀረው አብዛኛውን የግብፁ ገዥ ሰይድ ፓሻ ወሰደ። ቦዩ በ1869 ተከፈተ፤ ዕዳ የከበዳት ግብፅ ግን በ1875 ድርሻዋን ለብሪታኒያ በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠች።

የስዊዝ ዝና ለፓናማ ቦይ ዋስትና ሆነ። ቆጣቢው የሰውየውን ስም አምኖ ገንዘቡን ሰጠ። ተራራው፣ ወባውና ቢጫ ወባው ግን በስም አልተበገሩም። ኩባንያው ጋዜጦችንና የምክር ቤት አባላትን በገንዘብ እየደለለ ችግሩን ሸሸገ። በ1889 ሲፈርስ የመቶ ሺዎች ቁጠባ አብሮ ጠፋ። በ1893 በደ ሌሴፕስ ላይ የተላለፈው የ5 ዓመት እስራት በይርጋ ተሻረ፤ በቀጣዩ ዓመት በ89 ዓመቱ አረፈ። የቆጣቢዎቹን ኪሳራ ግን የሻረ ፍርድ አልነበረም።