ሥራ ያጣው ኢንጂነርና የፕላስቲኩ ቀዳዳ

በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሉማሜ ቤተሰብ ጋ ከተመለስኩ ይኸው ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፈውን መኪና እያየሁ ስልኬ ላይ የሰው ታሪክ አነባለሁ። ሰሞኑን የያዘኝ ፖል ዲራክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1902 እንግሊዝ፣ ብሪስቶል ተወለደ። አባቱ ስዊዘርላንዳዊ የፈረንሳይኛ መምህር ስለነበር ማዕድ ላይ ልጁን በፈረንሳይኛ ብቻ እንዲያወራ ያስገድደው ነበር። ልጁም ከመሳሳት ዝምታን መረጠ፤ ዝምታው ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። ኋላ ካምብሪጅ ጓደኞቹ በሰዓት አንድ ቃል የመናገርን ልክ ዲራክ ብለው እስከመሰየም ደረሱ።

እኔን የነካኝ ግን 1921 ነው። በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ፣ ሥራ የለም! ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ኢኮኖሚ ተዳክሞ ነበር (እኛ ይህን በግራፍ ነው የተማርነው፤ ግራፉ ላይ ሰው አይታይም)። ካምብሪጅ ቢቀበለውም የተሰጠው 70 ፓውንድ ለኑሮ አልበቃም። ደግነቱ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ያለ ክፍያ ሒሳብ እንዲማር ፈቀደለት። ሁለት ዓመት እቤቱ ሆኖ ተማረና በ1923 ካምብሪጅ ገባ።

በ1928 ኤሌክትሮንን የሚገልጽ እኩልታ ጻፈ። እኩልታው ያልተጠየቀውን መልስ ጨምሮ አመጣ፦ ከዜሮ በታች ኃይል ያላቸው ኤሌክትሮኖች። ሌላው ሰው ቢሆን ይሰርዘው ነበር። እሱ ግን ባዶ የምንለው ቦታ በእነዚህ የተሞላ ባሕር ነው፣ አንዱ ሲጎድል ቀዳዳው ራሱ እንደ ቅንጣት ይታያል ብሎ አሰበ። መጀመሪያ ፕሮቶን መሰለው፤ ተሳስቷል። በ1931 አርሞ፣ ገና ያልታየ ቅንጣት መሆን አለበት አለ። በዓመቱ አሜሪካዊው ካርል አንደርሰን ከሕዋ በሚመጣ ጨረር ውስጥ አገኘው፤ ፖዚትሮን ተባለ። በ1933 ዲራክ በ31 ዓመቱ ከሽሮዲንገር ጋር ኖቤል ተጋራ። ዝናውን ፈርቶ እምቢ ሊል ነበር፤ እምቢታው የባሰ ዝና እንደሚያመጣ ሲነገረው ተቀበለ።

ያ ቅንጣት ዛሬ ፕላስቲክ ይመረምራል። የባሕር ውኃን ከጨው የሚያጣራው ስስ ፕላስቲክ በሞለኪውሎቹ መሃል እጅግ ጥቃቅን ክፍተቶች አሉት፤ ውኃው የሚያልፈው በእነሱ ነው። እንዴት ይለካሉ? ከሶዲየም 22 የሚወጣ ፖዚትሮን ይላክባቸዋል። ሶዲየሙ አብሮ ጨረር ስለሚለቅ ሰዓቱ ከዚያ ይጀምራል። ፖዚትሮኑ አንድ ኤሌክትሮን ይዞ ክፍተቱ ውስጥ ይሸሸጋል፤ በግድግዳው ካሉት ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ጠፍተው ጨረር ይሆናሉ፣ ሰዓቱም ይቆማል። ቆይታው ጥቂት ቢሊዮንኛ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ይረዝማል፣ ሲጠብ ያጥራል። ስፋቱ የሚሰላው ከዚህ ነው።

ዲራክ በ1984 ፍሎሪዳ ውስጥ ዐረፈ። በ1995 ለንደን፣ ዌስትሚኒስተር አቢ ወለል ላይ ስሙ ሲቀረጽ እኩልታውም አብሮ ተቀረጸ።