አድሚራሉና ከጣሊያን የተገዙት መርከቦች

ገንዘብ ያለው አገር የጦር መርከብ ይገዛል። መርከቧን የሚመራ ሰው ግን በገበያ አይገኝም። የግሪኩ አድሚራል ፓቭሎስ ኩንዱሪዮቲስ ሕይወት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ኩንዱሪዮቲስ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1855 ሃይድራ በምትባል ድንጋያማ ደሴት ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አያታቸው ግሪክ ከቱርክ አገዛዝ ነፃ ለመውጣት ስትዋጋ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩ ባለመርከብ ባለጠጋ ናቸው። የልጅ ልጃቸውም በ1875 ባሕር ኃይል ገቡ።

ስማቸውን ያስጠራችው አቬሮፍ የተባለች ክሩዘር ናት። ግሪክ የገዛቻት ከጣሊያን ሲሆን የተሠራችውም ሊቮርኖ ላይ ነው። በ1911 መርከበኞቿ እንግሊዝ አገር ሳሉ የሻገተ አይብ ቀረበልን ብለው አመፁ ይባላል። ሥርዓት እንዲያስይዙ የተላኩት ኩንዱሪዮቲስ ነበሩ። በታኅሣሥ 1912 ከዳርዳኔልስ መግቢያ ውጭ፣ ኤሊ በተባለ ስፍራ (ከእኛዋ ኤሊ ጋር ዝምድና የለውም)፣ ቀርፋፎቹን መርከቦች ወደኋላ ትተው በአቬሮፍ ብቻቸውን ወደፊት ገሠገሡ፤ የኦቶማን መርከቦችም ተመለሱ። በጥር 1913 ሌምኖስ አጠገብ ድሉን ደገሙት።

ጀግናው ወደ ፖለቲካም ገቡ። በ1924 የግሪክ ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጄኔራል ፓንጋሎስ አምባገነን በሆኑ ጊዜ፣ በመጋቢት 1926 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጄኔራሉ በዚያው ዓመት በነሐሴ ሲወድቁ ተመለሱ፤ በታኅሣሥ 1929 ደግሞ በጤና ምክንያት በገዛ ፈቃዳቸው ተሰናበቱ። ወንበር የለመደ ሰው ሲነሣ ማየት በየትኛውም አገር ብርቅ ነው።

በዚያው በ1929 ግሪክ ጄኖቫ አጠገብ ለሚገኘው የኦዴሮ መርከብ መሥሪያ አራት ዴስትሮየሮች አዘዘች። እያንዳንዳቸው አራት ባለ120 ሚሊ ሜትር መድፎች ነበሯቸው። አንዷ ኩንዱሪዮቲስ ተባለች፤ ሌሎቹ ሃይድራ፣ ስፔትሴ እና ፕሳራ የሚል የደሴቶች ስም ተሰጣቸው።

አድሚራሉ ነሐሴ 22 ቀን 1935 አረፉ። ከ42 ቀናት በኋላ የፋሺስት ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። አምስት ዓመት ቆይቶ የግሪክ ተራ ደረሰ። ነሐሴ 15 ቀን 1940፣ የእመቤታችን በዓል በቲኖስ ደሴት ሲከበር፣ የአድሚራሉን ድል ለማሰብ ኤሊ የተባለችውን ክሩዘር የጣሊያን ሰርጓጅ መርከብ ወደብ ላይ እንደቆመች አሰጠመ። በጥቅምት 28 ወረራው ተጀመረ። አራቱ ዴስትሮየሮችም ከሠራቸው አገር ጋር ጦርነት ገጠሙ። በሚያዝያ 1941 ፕሳራንና ሃይድራን የጀርመን አውሮፕላኖች አሰጠሙ፤ ኩንዱሪዮቲስና ስፔትሴ ወደ ግብፅ አምልጠው ከጦርነቱ ተረፉ።

የጦር መሣሪያ ውል እንደማንኛውም ውል ነው፤ ሻጩ ዕቃውን ካስረከበ ዋጋውን ከተቀበለ ግዴታው አበቃ። ወዳጅነት በውሉ ውስጥ አይጻፍም። ይህንን እኛም ግሪኮችም የተማርነው ከአንድ መምህር ነው። ኩንዱሪዮቲስ ለአገራቸው የተዉላት ከመርከቦቹ ይልቅ የሚበረክት ነገር ነው፤ ሲያስፈልግ ወደፊት መቅደምን፣ ሲበቃም መነሣትን።