ጆን ብራውኒንግና ጀርባ ጎባጣው ጠመንጃ

ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1855 በአሜሪካ ዩታ፣ ኦግደን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠመንጃ ሠሪ ስለነበር ሙያውን የተማረው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። ፈጠራዎቹን ለዊንቸስተር ኩባንያ ቁርጥ ባለ ዋጋ እየሸጠ ብዙ ዓመት ኖረ። በራሱ የሚጎርሰውን ሾትጋን ሲሠራ ግን ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ ይከፈለኝ አለ። ዊንቸስተር እምቢ! በ1902 ወደ ሬሚንግተን ቢሄድ ደግሞ ቀጠሮ የሰጡት ፕሬዚዳንት ማርሴለስ ሃርትሌይ በዚያው ቀን ሞቱ። ሰውዬው መች ተስፋ ቆርጦ፣ ጠመንጃውን ይዞ በመርከብ ቤልጅግ፣ ኤፍኤን ፋብሪካ ገባ። ኦቶ-5 የሚባለው ይኸው ነው።

አሮጌ ኦቶ-5 የሚገዛ ሰው ጎባጣውን ጀርባ ብቻ አይቶ መክፈል የለበትም፤ ሬሚንግተንም ከ1905 ጀምሮ በፈቃድ ያንኑ ቅርጽ ሠርቷልና። የቤልጅጉ የሊዬዥ መፈተሻ ቤት ማኅተም አለው፤ ከ1922 ወዲህ ማኅተሙ የዓመት ፊደል ስለሚጨምር ዕድሜው ይታወቃል። ዋጋ የሚያወጣውም የፋብሪካው ቀለም ያልተነካበት እንጂ እንደ አዲስ የተቀባው አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ባለ 16 ቁጥር ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ጉርሻው ለ65 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው፣ የዛሬው ጥይት 70 ነው።

ብራውኒንግ በ1926 እዚያው ቤልጅግ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ላይ እንዳለ በልብ ሕመም ሞተ። አፈሙዞቹ የተደራረቡትን ሱፐርፖዝድ ጨርሶ ለገበያ ያደረሰው ልጁ ቫል ነው።